ሰልሚን ጡት ያስጣልንበት ዓመት

ደሴ፣ ጥቅምት 22 ቀን 2016 ዓ.ም.

አሰላሙ ዓለይኪ ወረሕመቱላሂ ወበረካቱ፣ ፈትሂያዬ።

ባለሽበት ጀሊሉ ይጋርድሽ። እጅሽን ከትኩስ ዘይት፣ ልብሽን ከሰው ፊት ይጠብቅልሽ። እኛ አልሐምዱሊላህ አለን። ደሴን ብርዱ ይዟታል፤ የጦሳ ተራራ ጉሙን እስከ ረፋድ አይገልጥም፣ የኔም ጉልበት እንደሱው ረፋድ ላይ ነው የሚፍታታው። ኢንተርኔቱ ከተዘጋ ወዲህ እንደ ድሮ ሰው በወረቀት ሆነናልና ይህን በነጋዴው በመሕሙድ እጅ ልኬልሻለሁ። ጅዳ ሲመላለስ ወረቀት አይከብደኝም ብሏል፣ አላህ ይስጠው።

ወሬው እንዲህ ነው። ልጄ ሳሊሃ አርግዛለች። ወንድምሽ ተውፊቅ ይነግርሻል ብዬ ብጠብቅ አፍሮ ዝም አለ፣ እኔ ልቅደመው። ሰልሚ ገና ዓመት ካራት ወሯ ነው፣ ጡት ላይ ያለች ልጅ። «አንተ፣ ትንሽ መታገስ አቃተህ?» ስለው ግድግዳውን ሲያይ ቆየ። ከዚያ ኮምቦልቻ በመሣሪያ ሲያዩዋት መንታ ነው አሏት። አጃኢብ ነው። ሳሊሃ «እማ፣ ሁለት ናቸው» ብላ ስትደውል ገበያ ላይ በርበሬ እየመዘንሁ ነበር። ሚዛኑን ለቅቄ ተቀመጥሁ። ገዢዋ ሴትዮ ደንግጣ «ምነው፣ ሰው ሞተ?» አለችኝ። «ኧረ ሰው በዛ» አልኋት።

ሰልሚን ወዲያው ጡት አስጣልናት። የእርጉዝ ወተት ልጅ ያከሳል፣ ይህን የማያውቅ የለም። ነርሷ ግን ለሳሊሃ «ብትጠባም አይጎዳትም፣ ቀስ ብለሽ ታስጥያታለሽ» ብላታለች። ልጅቷ ራሷ ወልዳ አታውቅ፣ በምን ታውቀዋለች? ሳሊሃ ስታለቅስ «ዛሬ ነው» ያልኋት እኔ ነኝ። እሬት ቀባንላት። ሰልሚ ቀመሰችው፣ ፊቷን አጨማደደች፣ መልሳ ጠባችው። እልኸኛ ናት። እንግዲህ እንደ ደንባችን እናቷን እንዳታይ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ አመጣኋት። የሐረጎን ዳገት ስንወጣ ቀሚሴ ላይ አስመለሰችና ተኛች። ጡቱን እስክትረሳ ነው፤ ሁለት ሳምንት ብያቸዋለሁ።

አንቺም ዱዓ አድርጊ። ተውፊቅን ያሳደግሽው፣ የሚኖሩበትን ቤት ያሠራሽው አንቺ ነሽ፤ የሚወለዱትም ከአንቺ እጅ አይርቁም።

ራቢያ

*

ጅዳ፣ ኅዳር 25 ቀን 2016 ዓ.ም.

ወዓለይኩሙ ሰላም፣ እትዬ ራቢያ። ጉልበትዎን አላህ ያፍታታልዎ፣ ገበያዎን በረካ ያድርግልዎ።

ደብዳቤዎን ማድቤት ቆሜ አነበብሁት። «ሰው በዛ» የሚለው ላይ ስደርስ ሳቄ አምልጦኝ ማዳም መጣች። «ምን ያስቅሻል?» አለችኝ። «ወንድሜ መንታ ሊወልድ ነው» አልኋት። «ደመወዝ ጨምሩኝ ልትዪ ነው?» አለችኝ። እዚህ ቤት ቀልድ ማለት ይህ ነው።

አርብ ሱቅ ወጥቼ ሁለት ሁለት ልብስ ገዛሁ። ነጭና ቢጫ፤ ወንድ ይሁኑ ሴት አይታወቅምና። ባለሱቁ «ልጆችሽ ስንት ዓመታቸው ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። «ገና አልተወለዱም» አልሁት። ሆዴን አየና ዕቃውን ጠቀለለልኝ። እኔም አላስረዳሁትም። ልብሶቹን በመሕሙድ ልኬያለሁ።

እዚህ ሦስት ልጆች አሳድጌያለሁ፣ እትዬ። ትልቁን ከሆስፒታል ሲያመጡት የተቀበልሁት በዚህ ክንዴ ነው። እናቱ ሳቅ ታስተምረው ነበር፣ ሌላውን ሁሉ እኔ ነኝ። ዘንድሮ ሚስት አገባ። ሰርጉ ላይ ሩዝ ሳወጣ በአጠገቤ አለፈ። አላየኝም አልልም፣ አይቶኛል። «ሹክረን» ብሎ አመሰገነኝ።

ሰልሚ እንዴት ሆነች? እናቷን ረሳች? ከእርስዎ ጋር ለመደች? ይህን በደንብ ይጻፉልኝ።

ለተውፊቅ አንድ ነገር ለብቻው ጽፌለታለሁ። ለእርስዎም ይነግርዎታል።

ፈትሂያ

*

ደሴ፣ ታኅሣሥ 24 ቀን 2016 ዓ.ም.

አሰላሙ ዓለይኪ፣ የኔ ባለ ደግ እጅ። የሰጠሽው ሁሉ በእጥፍ ይመለስልሽ።

ልብሱ ደርሷል። ሳሊሃ ሆዷ ላይ ዘርግታ እየለካች ስትስቅ ዋለች። ሆዷ አሁን ከፊቷ ቀድሞ በር ይገባል። እግሯ ግን አብጧል፣ ጫማ የሚባል ነገር አይገባትም። በተውፊቅ ሸበጥ ነው የምትሄደው።

ምን ጽፈሽለት ነው? ስጠይቀው «የቤት ነገር ነው» ይለኛል። የቤት ነገር ከሆነ እኔ ጎረቤት ነኝ እንዴ? እስቲ ይሁን።

ስለ ሰልሚ ጠይቀሻል፤ ስለሷ ጠይቀሽኝ ወረቀቱ አይበቃኝም። ሁለት ሳምንት ያልሁት ይኸው ታኅሣሥ ሊያልቅ ነው። አንድ ቀን ወደ ኮምቦልቻ ወሰድኋት። ረስታለች ብዬ ነበር። ገና ከበሩ ስትገባ በሩጫ ሄዳ የእናቷን ሸሚዝ ስባ አፏን ከፈተች። ሳሊሃ ዘላ ጓዳ ገባች፣ በሩን ከውስጥ ቆለፈች። እኔ ነኝ «ቆልፊ» ያልኋት። ልጅቷ በሩን በመዳፏ ስትደበድብ፣ እናትየዋ ከውስጥ ስታለቅስ፣ ተውፊቅ መሐል ቆሞ አንዴ እኔን አንዴ በሩን ሲያይ… በዚያው ቀን ይዣት ተመለስሁ። መንታዎቹ እስኪወለዱ አልወስዳትም ብያለሁ። እናቷ እንደዚያ ጎንበስ ቀና ብትል ሁለቱንም ልታጣ ነው።

እዚህ ግን ደስተኛ ናት። ገበያ ላይ ጀርባዬ ላይ ሆና ደንበኛ ትጠራለች፤ «ነይ፣ ነይ» ማለት ተምራለች፣ ወንዱንም ሴቱንም «ነይ» ነው። በርበሬ ስለሚበን ታስነጥሳለች፣ ካስነጠሰች በኋላ ራሷን «ይረሕሙኪላህ» ልትል ትሞክርና ምላሷ ይጠመዘዛል። ባሌ ከሞተ ወዲህ በዚህ ቤት እንዲህ ተስቆ አያውቅም።

ራቢያ

*

ጅዳ፣ ጥር 27 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለተከበሩ እትዬ ራቢያ። ጤናዎን አላህ ያብዛልዎ።

ተውፊቅ ካልነገረዎ እኔው ልንገርዎ።

አምና ታምሜ ነበር። ለማንም አልጻፍሁም። እጢ ነው ብለው ማህፀኔን አወጡት። ማዳም ሆስፒታል አንድ ጊዜ መጥታ ጠየቀችኝ፤ «መቼ ትመለሻለሽ?» ነበር ጥያቄዋ። ባል ከፈታሁ ቆይቻለሁ፣ ዕድሜዬም እዚህ አለቀ። በክረምት ጠቅልዬ አገሬ ልገባ ነው።

ከመንታዎቹ አንዱን ስጡኝ። በጉዲፈቻ፣ በወጉ፣ ሽማግሌ ተቀምጦ፣ ዱዓ ተደርጎ። ባዳ አይደለሁም፣ የአባቱ እህት ነኝ። ከቤቱም አይወጣም። ኮምቦልቻ ያለው ቤት ሰፊ ነው፣ እኔ ጓሮ ባሉት ክፍሎች እሆናለሁ፣ እነሱም ባሉበት ይኖራሉ። ልጁ በአንድ ግቢ ከመንትያው ጋር ያድጋል። የወለደች ሴት ሁለት እጅ ነው ያላት፤ ሰልሚ አለች፣ ሁለት ሊጨመሩ ነው። እኔ ሁለቱም እጄ ባዶ ነው።

ተውፊቅ «እሺ እህቴ» ብሎኛል፤ ሳሊሃን ግን ፈርቷል። እርስዎ እናቷ ነዎት። እርስዎ ካሉ እንቢ አትልም። ያግባቡልኝ።

ቤቱን ያነሳሁት ለውለታ አይደለም።

ፈትሂያ

*

ደሴ፣ የካቲት 29 ቀን 2016 ዓ.ም.

አሰላሙ ዓለይኪ ፈትሂያ። የሚመጣውን ረመዳን የምሕረትና የመጽናኛ ያድርግልሽ።

ደብዳቤሽ ዘግይቶ ደረሰኝ። ገበያውም ለጾም ሲባል በርትቶብኛል፤ ሚጥሚጣውም፣ እርዱም፣ ሁሉም በአንድ ሳምንት ይፈለጋል። ሰልሚም ጆሮዋን አሟት ነበር። እንዲህ እንዲህ ስል ቀኑ ሄደ።

ስለ ሕመምሽ አልቅሻለሁ። ወላሂ፣ ሰው አገር ተኝቶ ጠያቂ ማጣትን ለጠላቴም አልመኝም። ብትነግሪኝ ኖሮ ቢያንስ ዱዓ ይደረግልሽ ነበር።

ያልሽኝን ለሳሊሃ ነግሬያታለሁ። ልብ አድርጊ፣ አልደበቅሁም። ልብስ እያጣጠፈች ነበር፣ እጇን አላቆመችም። «እማ፣ መንታ አይለያይም» አለችኝ። «አንዱ ሲያለቅስ ሌላው ይታመማል፣ አንዱ ከተሰጠ ሌላው አይከርምም። አንቺው አይደለሽ እንዴ ይህን ያስተማርሽኝ?» እውነቷን ነው፣ እኔው ነኝ። ገራዶ ያሉት ሸኽም እንደዚያው ይላሉ። «በግቢው ውስጥ ነው የሚሆነው» ብላት፣ «እንግዲያው ለምን ይሰጣል?» አለችኝ።

እኔም ከልጄ ጋር ነኝ፣ አትቀየሚኝ። አንዱን ሆድ ቆርጦ ለሁለት መስጠት አይቻልም። ቤቱንም ለውለታ አላነሳሁም ካልሽ ባታነሺው ደግ ነበር። ሳሊሃ ያንን ከሰማች ወዲህ ቤቱን ስትጠርግ እንደ ሠራተኛ ነው የምትጠርገው።

ሌላ የምታዢኝ ካለ እኔ አለሁልሽ።

ራቢያ

*

ጅዳ፣ ሚያዝያ 16 ቀን 2016 ዓ.ም.

እትዬ ራቢያ፣ ሰላምታዬ ይድረስዎ። ዒዱ እንዴት አለፈ?

መንታዎቹ በረመዳን መጨረሻ መወለዳቸውን ከተውፊቅ ሰማሁ። ሁለቱም ወንዶች፣ ሂሻምና ሙዓዝ። ማሻ አላህ። ለአቂቃው፣ ለልደታቸው እርድ፣ በጎቹ የተገዙት እኔ በላክሁት መሆኑንም እሱው ነገረኝ። ከእርስዎ ግን አንድ ቃል አልመጣም። ሥራ በዝቶብዎት ይሆናል።

መንታ አይለያይም አሉኝ። ይሁን፣ አልለያያቸውም። የሰው ልጅ ላከሳ አልመጣሁም።

አንድ ነገር ብቻ ይንገሩኝ። ሰልሚ ወደ እናቷ መቼ ነው የምትመለሰው?

ፈትሂያ

*

ደሴ፣ ግንቦት 30 ቀን 2016 ዓ.ም.

አሰላሙ ዓለይኪ ፈትሂያዬ። ቅያሜሽ ገብቶኛል፣ አላህ ከልብሽ ያውጣልሽ። ሳልጽፍልሽ መቅረቴ ከደስታ ማነስ አይደለም፤ ላይ ታች ስል ነው።

ሂሻም ከወንድሙ ቀድሞ ወጣ፣ ወፍራም ነው፣ ቁጣውም እንደ አባትሽ ነው ይላሉ። ሙዓዝ የእጅ መዳፍ አይሞላም ነበር፣ አሁን ግን ጡቱን ከያዘ በግድ ነው የሚለቅ። ሳሊሃ አንዱን ስታስተኛ ሌላው ይነሳል። ጠጉሯን ካበጠረች ቆይታለች። ባለፈው ስሄድ ቁጭ ብላ ተኝታለች፣ ሁለቱም ጡቷ ላይ፣ አፏ ተከፍቶ። ሽንት ጨርቁን አጥቤ፣ ገንፎ ሠርቼ፣ ሳልቀሰቅሳት ወጣሁ። ጎረቤቷ ቡዜ አልፎ አልፎ ታግዛታለች። ተውፊቅ ፋብሪካ ነው የሚውለው፤ ማታ ሲገባ ደግሞ «ደከመኝ» ይላል። «ማን ገላግሎህ ነው የደከመህ?» ብዬዋለሁ።

ስለ ሰልሚ ጠይቀሻል። እንዴት ልመልሳት፣ በዚህ ሁሉ መሐል? እሷማ የኔ ሆና ቀርታለች። ባለፈው ይዣት ሄድሁ፣ ያኔ ሸሚዝ ስባ አፏን የከፈተችው ልጅ ዛሬ እናቷን ስታይ ቀሚሴ ሥር ተደበቀች። ሳሊሃ «ነይ የኔ እናት» ስትላት እኔን ነው የምታየኝ። ሳሊሃ ሳቀች፣ ከዚያ አለቀሰች፣ ከዚያ ሂሻም ተነሳባት። እኔ ግን ነገሩን በክፉ አላየሁትም። ልጅ እኮ ልቡ ቀላል ነው፣ ላቀፈው ሁሉ ልጅ ነው። ዛሬ ያበላውን ያውቃል፣ የትናንቱን ይረሳል። እኔ ጋ ስትመጣ ስንት ቀን አለቀሰች? ኢምንት። አሁን «እማ» የምትለው እኔን ነው። አብሽሪ፣ እሷ አልተጎዳችም።

መንታዎቹ ትንሽ እስኪጠኑ እኔው ጋ ትቆያለች። ከዚያ በኋላም ማን ያውቃል። ቤቴ ለሁለታችን ይበቃል።

ራቢያ

*

ጅዳ፣ ሐምሌ 4 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለተከበሩ እትዬ ራቢያ። ጤናና ሰላም ለእርስዎ ይሁን።

ደብዳቤዎን ደጋግሜ አነበብሁት። ለተውፊቅም በስልክ አነበብሁለት፣ ሳሊሃም አጠገቡ ሆና ሰምታለች። ከዚያ ሦስታችን ተነጋገርን።

ሰልሚን እኔ ላሳድጋት ተስማምተዋል። መንታዎቹ አይለያዩም፣ እርስዎ እንዳሉት። ሰልሚ ደግሞ ከእናቷ ጡት ወጥታለች፣ ከእናቷ ቤትም ወጥታለች። ልጅ ላቀፈው ሁሉ ልጅ ነው ብለው የጻፉልኝ እርስዎ ነዎት። ስትመጣ ያለቀሰችው ኢምንት ነው ብለዋል። እኔም ያን ያህሉን እችለዋለሁ።

እርስዎ ብዙ ደክመዋል። ጉልበትዎም ታሟል፣ ገበያም አለብዎት። ይረፉ።

ነሐሴ መጨረሻ እገባለሁ። ሽማግሌዎቹን ተውፊቅ ይጠራል። እርስዎም ከፊት ይቀመጣሉ፣ ያለ እርስዎ አይሆንም።

ፈትሂያ

*

ደሴ፣ ሐምሌ 25 ቀን 2016 ዓ.ም.

ፈትሂያ፣ አላህ ሰላሙን ያውርድብሽ። በእኔ ላይ ግን የለም።

ደብዳቤሽ እንደደረሰኝ ሱቄን ሳልዘጋ ለጎረቤት አደራ ብዬ ሚኒባስ ተሳፈርሁ። ሰልሚን አዝዬ ነው የሄድሁት። ተውፊቅ በር ላይ አገኘኝ።

«ልጅ ነው ወይስ ዕቃ ነው የምታቀባብሉት?» አልሁት።

«እማ፣ ባዳ ነው እንዴ የሚወስዳት? እህቴ ናት።»

«ወንዶቹንስ ለምን አልሰጠሃት? አይለያዩም ስላልን? ወይስ ወንዶች ስለሆኑ?»

«አንቺ ነሽ አይለያይም ያልሽው» አለኝ። ጫማውን እያየ። ይህ ልጅ ሰው ፊት ማየት መቼ ይማር ይሆን?

ገባሁ። ሳሊሃ ሙዓዝን ትከሻዋ ላይ አድርጋ ታስገሳዋለች። አልተነሳችም። «ሳሊሃ፣ የሰማሁት እውነት ነው?» አልኋት። «እውነት ነው» አለችኝ። «የበኩር ልጅሽን?» አልኋት።

«እማ፣ ከእኔ ላይ የወሰዳት ማነው?»

ድምፅዋን እንኳ አላነሳችም። ብታነሳ ኖሮ እኔም እጮህባት ነበር።

«ሁለት ሳምንት ነው አልሽኝ። ጡቴ ግቶ በሻሽ አስሬው ነበር የምተኛ። ነርሷ ቀስ ብለሽ አስጥያት ስትለኝ አንቺ ሳቅሽባት። በሩን ቆልፊ ያልሽኝ አንቺ ነሽ። እኔ ከወዲህ፣ እሷ ከወዲያ። አሁን እኔን ስታይ ቀሚስሽ ሥር ትደበቃለች፤ ይህን ለሰው እንደ ደግ ወሬ ጽፈሽ ትልኪያለሽ።»

«እንግዲያው ውሰጃት፣ ይኸው» ብዬ ሰልሚን ከጀርባዬ አወረድሁ። ልጅቷ እግሬን ያዘች። ሳሊሃ አየቻት። ከዚያ ሂሻም ከአልጋው ላይ ጮኸ።

«የትኛዋ እጄ ላይ ልቀበላት?» አለችኝ። «ፈትሂያ ጋ ትሁን። ጓሮ ናት፣ ስታለቅስ እሰማታለሁ። ደሴ ሆና ግን አልሰማትም።»

ይኸው የሰማሁት ይህን ነው፣ ለአንቺም እንዳለ ጻፍሁልሽ። አሁን እኔ ልለምንሽ፣ አንቺ እኔን እንደለመንሽኝ። ተያት እኔ ጋ። ነይ፣ እየመጣሽ እያት፣ አልብሻት፣ እናቷ ተባዪ። እኔ አያት እባላለሁ። ማደሪያዋ ብቻ እኔ ጋ ይሁን። ሽማግሌም አልፈልግም፣ ፊት ወንበርም አልፈልግም። የኔ ቤት ባዶ መሆኑን አልጻፍሁልሽም እንጂ የአንቺ ብቻ አይደለም ባዶ።

መልስሽን በመሕሙድ እጅ እጠብቃለሁ።

ራቢያ

*

ኮምቦልቻ፣ መስከረም 17 ቀን 2017 ዓ.ም.

እትዬ ራቢያ፣ እንዴት ሰነበቱ? ስልክ ስደውል አያነሱም። ስለዚህ ይህን የደሴ ሚኒባስ ረዳት ያደርስልኛል።

ለሐምሌው ደብዳቤዎ መልስ አለመስጠቴን አልረሳሁም። ብመልስ እሺ እልዎት ነበር፣ ስለዚህ አልመለስሁም።

የዱዓው ዕለት ሽማግሌዎቹ ሁሉ «ራቢያስ?» እያሉ ጠየቁ። ተውፊቅ ደሴ ድረስ ሄዶ ሰልሚን ሲያመጣት አንድም ቃል እንዳልተናገሩት፣ ልብሷን አጣጥፈው እንደጠበቁት ነገረኝ። አላህ ይስጥዎ።

እውነቱን ልንገርዎ። አልለመደችኝም። ቀን ቀን ትጫወታለች፣ ቆንጆ ቆንጆ ነገር ስሰጣት ትቀበለኛለች። ሳሊሃን «እትዬ» እንድትላት እያስተማርኋት ነው፤ ሁለት እናት እንዳይምታታባት። ሳሊሃ ደህና ናት፣ አልከፋትም፣ ወይም ለኔ አታሳየኝም። ትናንት መንታዎቹ ሲጠቡ ሰልሚ በራፉ ላይ ቆማ አየቻቸው። አላለቀሰችም። ቆማ ቆማ ተመልሳ መጣች፣ ከአልጋዬ ሥር ገባች፣ ጎትቼ ነው ያወጣኋት።

እንቅልፍ ግን የላትም። ሲመሽ በሩ ጋ ሄዳ ትቀመጣለች። እሽሩሩ እላለሁ፣ ዐረብኛውንም አማርኛውንም እዘፍናለሁ፣ ወተት አሞቃለሁ። ሦስት የሰው ልጅ ያሳደጉ ናቸው እነዚህ እጆች፣ አንዲት ሕፃን ማስተኛት አቃታቸው። ጎህ ሲቀድ ደክሟት ትወድቃለች። እየከሳች ነው።

ሁለት ነገር ልለምንዎ። አንደኛው፣ ለጊዜው አይምጡ። ካየችዎ ወደ ኋላ ትመለሳለች፤ ይህን ደንብ ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቁታል። ሁለተኛው፣ እርስዎ ጋ እንዴት ነበር የምትተኛው? ይንገሩኝ።

ፈትሂያ

*

ደሴ፣ ጥቅምት 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

አሰላሙ ዓለይኪ ፈትሂያ።

ደብዳቤሽ ሲደርስ ደስ አለኝ፣ አልዋሽሽም። አትተኛም የሚለውን ሳነብ ደስ አለኝ። አልመልስላትም፣ ልጅቷ እንዳስቸገረቻት ትኑር፣ አቅቷት ትመልሳታለች ብዬ ወረቀቱን ከበርበሬው ጆንያ ሥር ከተትሁት። እንዲህ ሆኜ ሰነበትሁ።

ቅዳሜ መጣሁ። አትቆጪ፣ አልገባሁም። ከአጥሩ ውጪ፣ ቆርቆሮው የተቀደደበት ጋ ቆምሁ። ቡዜ አይታኝ «እትዬ፣ ግቡ እንጂ» አለችኝ፣ ዝም በዪ አልኋት። ሰልሚ ግቢው መሐል ቁጭ ብላ አፈር ትጭራለች። አዲስ ቀሚስ ለብሳለች። አንገቷ ቀጥኗል። ዓይኗ ሥር ጠቁሯል። የምታውቀኝን ልጅ አጥር ለይቶኝ ሳያት፣ በደብዳቤሽ መደሰቴ አሳፈረኝ። ሐረጎን ስወጣ ሚኒባሱ ውስጥ የነበሩት ሰዎች ለቅሶ ላይ የዋልሁ መስሏቸው «አላህ ያጽናሽ» አሉኝ። አሚን አልኋቸው።

እንግዲህ ስሚ።

በዜማ አትተኛም፣ ተይው። ወተትም ሲመሽ አትስጫት፣ ሆዷን ይነፋታል። መብራቱን አጥፊና እዘያት፤ በሻርፕ አይደለም፣ ሻርፕ ያንሸራትታታል። ወፍራም ነጠላ ይሁን፣ እግሯን ሳይቀር ጠቅልለሽ። ከዚያ አትቁሚ፣ ሥራሽን ሥሪ። ዕቃ እጠቢ፣ ሽንኩርት ላጪ፣ ብቻሽን አውሪ። የምትተኛው ሰው ሥራ ላይ መሆኑን ስትሰማ ነው። አቅፈሽ ከጠበቅሻት እሷም አንቺን ስትጠብቅ ታነጋለች።

ዓይኗ ሲከብድ እጇን ታወጣና የግራ ጆሮሽን ጫፍ ትይዛለች። አትከልክያት። ጉትቻ ካለሽ አውልቂ፣ ይወጋታል። እኔ አምና እሷ የመጣች ሰሞን ያወለቅሁትን ሰሞኑን ልመልሰው ብል ቀዳዳው ጠብቦ አልገባም አለኝ፤ ይህን እንኳ ለምን እንደጻፍሁልሽ አላውቅም። ጆሮሽን ይዛ ትንፋሿ ሲረዝም አውርደሽ አስተኚያት፣ ግን ጎንሽ ይሁን። ሌሊት ስትባንን «እማ» ትላለች። ማንን ነው ብለሽ አትጨነቂ። ዝም ብለሽ «አቤት» በያት።

ከዚህ ሌላ የማውቀው የለም። ሁሉንም ነግሬሻለሁ። እንዳልሽው አልመጣም።

ትለምድሻለች፣ አትፍሪ። እኔንም ለመልመድ ከዚህ የበለጠ አልፈጀባትም ነበር።

ራቢያ